ሳይጠየቁ መናገር

ባለፈው ክረምት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ለአሮጌ በር የሚሆን ማጠፊያ ፍለጋ ስዞር ዐይኔ አንድ እንግዳ ሰዓት ላይ አረፈ። ከዛጉ ቁልፎችና ከሬዲዮ ስብርባሪዎች መካከል የተጣለ፣ ወፍራም የብረት የእጅ ሰዓት ነው። ፊቱ ጥቁር መስተዋት ብቻ፤ ቁጥር የለው፣ ዘንግ የለው፣ መሙያ የለው።

«የማይሠራ ነው፤ ለማሰሪያው ብረት ሦስት መቶ ብር ስጠኝ» አሉ ሻጩ አዛውንት።

እኔ ግን አውቄዋለሁ። ሃሚልተን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፑልሳር ብሎ የሠራው ነው። ከኤሌክትሮኒክ ባለ አኃዝ የእጅ ሰዓቶች ሁሉ ቀድሞ ለገበያ የበቃው ባለ 18 ካራት ወርቁ ፑልሳር እ.ኤ.አ. በ1972 ሲወጣ 2,100 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ በዚያ ዘመን ትንሽ መኪና የሚገዛ ገንዘብ። እኔ ያገኘሁት ተከትሎት የወጣውን የብረቱን ዓይነት ነው። ቀይ የሚያበሩት አኃዞች ባትሪ ስለሚጨርሱ ፊቱ ዘወትር ጨለማ ነው፤ ቁልፉን ሲጫኑት ብቻ ለአፍታ በርቶ ሰዓቱን ይናገራል። የሚስተካከለውም በማሰሪያው መቆለፊያ ውስጥ በተሸሸገች ትንሽ ማግኔት ነው። ዛሬ የአሮጌ ሰዓት ሰብሳቢዎች ከተጠየቅሁት ዋጋ ብዙ እጥፍ ይከፍሉበታል።

ተከራከርሁና በሁለት መቶ ሃምሳ ብር ወሰድሁት። ቤቴ ገብቼ ሁለት ትናንሽ ባትሪዎች ከትቼ ቁልፉን ስጫን ቀዩ አኃዝ ቦግ አለ። ደስታዬ ግን ሌሊቱን አብሮኝ አላደረም።

ሰረቅሁ? አልሰረቅሁም። ዋሸሁ? አልዋሸሁም። ዋጋውን የጠሩት እርሳቸው ናቸው፤ እኔም ዕውቀቴን ያገኘሁት ለዓመታት አንብቤ ነው። ደግሞስ የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባል የለም?

ጥያቄው የቆየ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ ረኀብ በገባባት በሮድስ ደሴት እህል ጭኖ ስለ ደረሰ ነጋዴ ያነሣል። ነጋዴው ሌሎች የእህል መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን ያውቃል። ይናገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? የባቢሎኑ ዲዮጋን አለመናገር መደበቅ አይደለም ሲል፣ አንቲጳጥሮስ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢም ማወቅ አለበት ይላል። ሲሴሮ የሚያጋድለው ወደ ሁለተኛው ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስም ስለ ሥላሴ በጻፈው መጽሐፍ አንድ የሚያውቀውን ሰው ያነሣል፤ ያ ሰው፣ የመጽሐፉን ዋጋ ያላወቀ ሻጭ ጥቂት ገንዘብ ቢጠይቀው፣ ያልተጠየቀውን ትክክለኛ ዋጋ ከፈለ።

እኛስ? የመኪናውን ሞተር ጉድለት ሸሽጎ የሚሸጠንን ደላላ ሌባ እንለዋለን። ገዢው ሲሸሽግ ግን «ብልጥ ነው» እንላለን። ሚዛኑ አንድ ከሆነ ስሙ ለምን ሁለት ሆነ?

እኔን የረታኝ ግን ሲሴሮ አይደለም፤ የገዛ ቃሌ ነው። ስከራከር ምን ብዬ ነበር? «አባቴ፣ ለማይሠራ ሰዓት ሦስት መቶ?» አልዋሸሁም ያልሁት ሰው፣ ሃምሳ ብር ለማስቀነስ ዋሽቻለሁ። ዝምታ በገበያ መካከል ብቻዋን እንደማትቆም ያን ጊዜ ገባኝ። እርስዋን ለመጠበቅ አንድ ትንሽ ውሸት በዘበኝነት መቆም አለባት።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድሁ። ሰዓቱን አብርቼ አሳየኋቸው፤ የሆነውን ነገርኋቸው፤ ሁለት ሺህ ብርም አቀረብሁላቸው። ቁልፉን ደጋግመው ተጫኑት፤ እንደ ሕፃን ሳቁ። ብሩን ቆጥረው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ ግን ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ። ግን ያን ቀን ለምን አልነገርኸኝም?»

ሁለት ሺህ ብሩ የዋጋውን ልዩነት አጥብቦ ይሆናል። ለዚህች ጥያቄ ግን መልስ አልነበረኝም። «አልጠየቁኝም» ልል አፌን ከፈትሁና አፈርሁ።