በርታ ማለትና ማበርታት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በአገራችን ከሰው አፍ ከማይለዩት ቃላት አንዱ «በርታ» የሚለው ነው። ገበሬ በሬውን ጠምዶ ሲያርስ መንገደኛው «እግዚአብሔር ያበርታህ» ብሎት ያልፋል። የታመመ ሲጠየቅ፥ ሐዘንተኛ ሲጽናና፥ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ ወደ ቅኔ ቤት ሲሸኝ የሚሰማው ይኸው ቃል ነው። ነገር ግን ብዙ ከመለመዱ የተነሣ ምን እንደሚልና በተናጋሪው ላይ ምን ግዴታ እንደሚጥል የሚመረምረው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን ቃሉን ከነአገባቡ መርምረን፥ በመጽሐፍ ቅዱስና በአገራችን ታሪክ አመሳክረን፥ ለኑሯችን የሚሆነውን ትምህርት ለማውጣት አስበናል።

አስቀድመን ስለ ቃሉ እንናገር። «በረታ» ማለት ኃይል አገኘ፥ ጠነከረ፥ ከድካም ወደ ጉልበት ተሻገረ ማለት ነው። ከእርሱም ብርታት፥ ብርቱ፥ አበረታ፥ አበረታታ፥ ተበረታታ የሚሉት ይወጣሉ። በትግርኛም «በርትዐ» እየተባለ ይነገራል። በግእዝ የዚህን ስፍራ የሚይዙት በተለይ «ጸንዐ» እና «ኀየለ» ናቸው። ከ«ጸንዐ» ጽኑና ጽናት፥ ከ«ኀየለ» ኃያልና ኃይል ይገኛሉ። ጽናት በቆሙበት ሳይናወጡ መኖርን፥ ኃይል ሠርቶ መፈጸምን ያሳያል፤ አማርኛው «ብርታት» ግን ሁለቱን በአንድነት ይዞ ይገኛል።

ደግሞም ይህ ቃል ለመልካም ነገር ብቻ የተለየ አይደለም። በጃናሞራ ደጋ የሚኖር ሰው «ውርጩ በረታ» ይላል፤ «የገብሱ ቡቃያ በረታ» ሲልም በዚያው ቃል ነው። ጎርፍ ይበረታል፥ እሳት ይበረታል፥ ቂም ይበረታል፤ ታሞ የሰነበተ ሕፃንም ይበረታል። እንግዲህ አንድ ነገር በረታ ስለ ተባለ ብቻ ሊመሰገን አይገባውም፤ ቡቃያውም ቡቃያውን የሚያቃጥለው ውርጭም እኩል በርትተዋልና።

ታዲያ መልካሙን ብርታት ከክፉው በምን እንለየዋለን? ቋንቋችን ራሱ ያስተምረናል። «ሕመሙ በረታበት» ስንል አንዱ በርትቶ ሌላው መጎዳቱን እናስታውቃለን። «ልጁ በረታለት» ስንል ግን አንዱ በርትቶ ሌላው መጠቀሙን እንናገራለን። ግሡ አንድ ሲሆን በመጨረሻው ላይ የምትገባው አንዲት ፊደል፥ «በ» ወይም «ለ»፥ ነገሩን ሁሉ ትለውጠዋለች። ስለዚህ ብርቱ የተባለ ሰው ባየን ጊዜ ልንጠይቅ የሚገባን «ምን ያህል በረታ?» ብለን አይደለም፤ «በማን ላይ በረታ? ለማንስ በረታ?» ብለን ነው።

ይህን ልዩነት መጽሐፍ ቅዱስ በግልጥ ያሳየናል። ሶምሶን በፍልስጥኤማውያን ላይ የበረታ ሰው ነበር፤ ይሁን እንጂ የደሊላ ፍቅር በረታበትና ኃይሉንም ዓይኑንም አጣ (መሳፍንት 16)። በሰው ላይ የበረታ ሁሉ በገዛ ልቡ ላይ በርትቷል ማለት እንዳይደለ ከዚህ እንረዳለን። መጥምቁ ዮሐንስ ግን በምድረ በዳ እያደገ በመንፈስ በረታ (ሉቃስ 1፥80)። ጦር አልነበረውም፥ ልብሱም የግመል ጠጉር ነበረ፤ ነገር ግን ሄሮድስን ለመገሠጽ አልፈራም። «በረታበት» የሚለው አነጋገር ለክርስቲያን የሚፈቀድለት በዚህ መንገድ ብቻ ነው፤ ይኸውም በገዛ ፈቃዱ፥ በኃጢአትና በዲያብሎስ ላይ ሲበረታ ነው። ጾምና ስግደት የታዘዙልንም ለዚህ ነው፤ ሥጋችን ደክሞ ሳለ ነፍሳችን የምትበረታበት መንገድ ናቸውና። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም የእግዚአብሔር ኃይል በድካም እንደሚፈጸም ተረድቶ በድካሙ መመካትን መረጠ (2ኛ ቆሮንቶስ 12፥9-10)።

«በረታለት» ለሚለው ግን ከኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 17 የሚበልጥ ምሳሌ አናገኝም። እስራኤል ከአማሌቅ ጋር ሲዋጉ ሙሴ በኮረብታው ራስ ላይ ቆሞ እጁን ሲያነሣ እስራኤል ይበረቱ ነበር፥ ሲያወርድ አማሌቅ ይበረታ ነበር። የሙሴም እጅ ከበደ። አሮንና ሖር በዚያን ጊዜ ያደረጉትን እናስተውል። በሩቁ ቆመው «በርታ» ብለውት አልቀሩም። ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ አንዱ በዚህ፥ አንዱ በዚያ ሆነው ፀሐይ እስክትገባ ድረስ እጆቹን ደገፉ። አንድም ድንጋዩ የማይናወጥ የሃይማኖት መሠረት ነው፥ ሁለቱም የሚደግፉት የምእመናን ፍቅርና አንድነት ናቸው ብንል ከምሥጢሩ አንርቅም። ነቢዩ ሙሴን የመሰለ ሰው ደጋፊ ካስፈለገው፥ ለእኛማ እንዴት አብልጦ አያስፈልገንም!

ከመጽሐፍ ቅዱስ ወደ አገራችን ታሪክ ብንመለስ፥ በዚያው በጃናሞራ ምድር ይህንኑ የሚያስተምር ስፍራ አለ፤ እርሱም ደረስጌ ማርያም ነው። ይህን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ሰሜንንና ትግሬን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። በዚያም ዘውድ ሊጭኑበት አስበው እንደ ነበር ይተረካል። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ከግብፅ እንዲመጡም የደከሙት እርሳቸው ነበሩ። ነገር ግን በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም በዚያው በደረስጌ በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ድል ተነሥተው ተማረኩ። ወዲያውም ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፥ ውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ፥ ካሣ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ከ13 ዓመት በኋላ ደግሞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም የእርሳቸውም ኃይል በመቅደላ ተፈጸመ። ይህን የምናነሣው ታላላቆቹን ልንነቅፍ አይደለም፤ ሁለቱም በዘመናቸው ብርቱዎች ነበሩ። ነገር ግን አንዱ በሌላው ላይ የበረታበት ኃይል አለፈ፤ ለእመቤታችን ክብር፥ ለሕዝቡም ጸሎት የተሠራው ቤት ቀረ። «በ» አለፈ፥ «ለ» ጸና።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ነገሩ የበለጠ ያሳስባል። በ2013 ዓ.ም በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተነሣው ጦርነት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ተሰደው ነበር። ቁስሉ ሳይደርቅ በ2015 ዓ.ም ክረምት ዝናቡ በመቅረቱ በጃናሞራ፥ በበየዳና በጠለምት ድርቅ ገባ፤ ከብት አለቀ፥ ቤተ ሰብም እህል ፍለጋ አገሩን እየለቀቀ ሄደ። እንግዲህ ረኃብ በበረታበት ቤት ደጃፍ ቆመን «በርቱ፥ እግዚአብሔር ያውቃል» ብለን ብንሄድ ምን አደረግንላቸው? ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ ለተራቆተውና የዕለት ምግብ ላጣው ወንድም የሚያስፈልገውን ሳይሰጡ በመልካም ቃል ብቻ ማሰናበት ምንም እንደማይጠቅም በምዕራፍ 2 አስተምሯል። ባዶ እጁን የመጣ «በርታ» የተራበውን አያጠግብም፤ ይልቁንም ሐዘኑን ያከብድበታል። ድካሙ በእርሱ ስንፍና የመጣ ያስመስልበታልና።

በሌላ በኩል ተስፋ ለመቁረጥ ምክንያት የለንም። ሕዝባችን ይህን ትምህርት ከመጽሐፍ ሳያነብ በኑሮው ይዞታል። የታመመ ሰው አዝመራ በእርሻው ላይ እንዳይቀር ጎረቤቱ በደቦ ወጥቶ ያጭድለታል፤ በዚያን ጊዜ «በርታ» የሚለው ቃል ከማጭዱ ጋር አብሮ ይመጣል። የጽዋ ማኅበርተኛ ሐዘን ሲደርስበት ማኅበሩ እንጀራውን ይዞ ይገባል። የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ከጉርሷ ቀንሳ የምትሰጠው ድኻ እናት ቃሉን በሥራ ተርጉማዋለች። ከእርሷ የተቀበለው ቁራሽ ነገ ካህን፥ ነገ መምህር ሆኖ ይቆማልና።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናስብ። መጀመሪያ፥ ለሰው «በርታ» ከማለታችን በፊት ድካሙን እንጠይቅ፤ ያላወቅነውን ሸክም መደገፍ አንችልምና። ሁለተኛ፥ ቃላችን ያለ ሥራ እንዳይወጣ እንጠንቀቅ። እህል ያለው እህሉን፥ ጉልበት ያለው ጉልበቱን፥ ዕውቀት ያለው ምክሩን ያምጣ፤ ከዚህ ሁሉ የሌለው በታመመው አጠገብ ይቀመጥ። አብሮ መቀመጥም እጅ መደገፍ ነው። ሦስተኛ፥ እኛ ራሳችን በበረታን ጊዜ ብርታቱ የተሰጠን ለምን እንደ ሆነ አንርሳ። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በምዕራፍ 15 ብርቱዎች የደካሞችን ድካም ሊሸከሙ እንደሚገባ ሲያዝ፥ ብርታትን ማዕርግ ሳይሆን ዕዳ አድርጎ አስተምሮናል።

ይልቁንም እኛ ካህናት ይህ ትእዛዝ ይጸናብናል። ጌታችን ቅዱስ ጴጥሮስን ከውድቀቱ ከተመለሰ በኋላ ወንድሞቹን እንዲያጸና አዞታል (ሉቃስ 22፥32)። የንስሐ ልጁ በችግር ሲወድቅ ደጃፉን ሳይረግጥ በዐውደ ምሕረት ላይ «በርቱ» የሚል መምህር ቃሉን ተናገረ እንጂ ሥራውን ገና አልጀመረም። የንስሐ አባት የልጆቹን ቤት በእግሩ ይወቅ፤ ያለው ለሌለው እንዲያካፍልም በስም ጠርቶ ይምከር። አሮንም ካህን ነበረ፤ እጁን ግን ከሙሴ እጅ በታች አኖረ።

ለደካሞች ኃይልን የሚሰጥ፥ የወደቁትን የሚያነሣ አምላካችን በሰው ላይ ከመበርታት ይጠብቀን፤ ለሰው መበርታትን ያድለን። ረኃብና ጦርነት የበረታባቸውን ወገኖቻችንን በቸርነቱ ይጎብኝ። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።