የመምህሩ ዓይንና የተማሪው እጅ



በሀገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጥበቡን ያስተላልፍ የነበረው ደቀ መዝሙሩን ከጎኑ አስቀምጦ ነው። ደቀ መዝሙሩ ቀለም እየፈጨ፣ የመምህሩ እጅ መስመሩን እንዴት እንደሚስብ ይመለከት ነበር። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፣ መምህርና ተማሪ ሲራራቁ ምን እንደሚጎድል ሁላችንም ተገንዝበናል።

አሁን ይህን ርቀት የሚያጠብቡ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። የሥዕል መምህሩ ትንሽ ካሜራ በግንባሩ ላይ ያስራል፤ አለዚያም ካሜራ ያለበት መነጽር ያደርጋል። በኢንተርኔት የሚማረውም መምህሩ የሚያየውን ያያል። ካሜራው ከፊት ለፊት ቢተከል ኖሮ የመምህሩ ቀኝ ለተማሪው ግራ፣ ሥዕሉም የተገለበጠ ይሆንበት ነበር። እንግዲህ መሣሪያው የመምህሩን ዓይን ለተማሪው ያውሳል ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ይበቃልን? አይበቃም እንላለን። ተማሪው የመምህሩን እጅ አየ፤ የተማሪውን እጅ ግን ማን አየ? መስመሩ ተጣሞበት አፍሮ ወረቀቱን የሚደብቅ ልጅ፣ ቀርቦ «አሳየኝ» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። እግዚአብሔርም ቢሆን ከሩቅ ሊያስተምረን አልወደደም፤ ቃል ሥጋ ሆኖ በመካከላችን አደረ። የማኅበራዊ መገናኛዎች ጳጳሳዊ ምክር ቤት በ1994 ዓ.ም. ባወጣው ሰነድ፣ ምሥጢራት በኢንተርኔት እንደማይፈጸሙ ያስታወቀው በከንቱ አይደለም። ሥዕል ምሥጢር ባይሆንም፣ የሰው በአካል መገኘት በሌላ ነገር የማይተካ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ይሁን እንጂ «መምህር በአካል ካልተገኘ አይሆንም» ብሎ መሣሪያውን መንቀፍ፣ መምህር ላለው ሰው ቀላል ነው። በያዮ ወይም በመቱ ዙሪያ የሥዕል መምህር ለማያገኝ ልጅ፣ ከሩቅ የሚመጣ ትምህርት ትልቅ ጸጋ ነው። በእኛ ምክንያት ይህን ሊያጣ አይገባውም። የጎደለውን መሙላት ግን የእኛ ግዴታ ነው።

ስለዚህ በየቁምስናው ያላችሁ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ልጆች በአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስበው ሲማሩ አብራችኋቸው ተቀመጡ። ሥዕል አለማወቃችሁ አያግዳችሁም። የእያንዳንዱን ልጅ ወረቀት በትዕግሥት ተመልከቱ፤ «ምን አየህ? ምን አየሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ትምህርቱ ሲያበቃም ስልኩን ዘግታችሁ ወደ ደጅ ውጡ። የያዮ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ የዓለም ሀብት ነው፤ ለልጆቻችን ግን የጓሮ ያህል ቅርብ ነው። የቡናው ቅጠል ጥንድ ጥንድ እየሆነ በቅርንጫፉ ላይ እንዴት እንደተደረደረ በገዛ ዓይናቸው አይተው ይሣሉት። የተዋሰው ዓይን መልካም የሚሆነው የራስን ዓይን ሲከፍት ነውና።

የፍጥረት ሁሉ ጌታ የልጆቻችንን ዓይንና እጅ ይባርክ።