እጅ ሲያሽ፣ አፍ ሲዋሽ

የአገራችን ሰው እግሩ ወለም ሲለው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሐኪም ቤት አይደለም። «ጎበዝ ወጌሻ የት አለ?» ነው የሚለው። ወጌሻ ደግሞ ስሙ አንድ፣ ሥራው ብዙ ነው። ወለምታ ያሻል፣ የተሰበረ ይጠግናል፤ ኳስ ሜዳ ላይ ተጫዋች ሲወድቅም ቦርሳውን አንጠልጥሎ የሚሮጠው ወጌሻ ነው የሚባለው። አሁን አሁን ማሳጅ ቤቱም ስቲሙም በየሕንፃው ተጨምሯል።

ለመሆኑ መታሸት ይጠቅማል ወይ? መጥቀሙንማ ይጠቅማል! የተኮማተረ ጡንቻ ይፍታታል፣ የወገብ ሕመም ለጊዜው ጋብ ይላል፣ ጭንቀትም ይረግባል። በ1986 እ.ኤ.አ. ቲፋኒ ፊልድ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ 20 ሕፃናት በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለ15 ደቂቃ፣ ለ10 ቀን ታሹ። ካልታሹት ይልቅ በቀን 47 በመቶ የበለጠ ክብደት ጨመሩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ልጆቻቸውን በቅቤ እያሹ ላሳደጉ እናቶች ግን ወሬው ብዙም አይደንቃቸውም።

እንግዲህ የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የሚያሸው እጅ ምን ያህል ተስፋ እንዲሰጥ ይፈቀድለታል?

ልብ በሉ፣ የተሰበረ ክንድ በቀርከሃ ተጠፍንጎ ሲታሰር ደም መተላለፊያ ያጣል። ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ይደነዝዛሉ፣ ይጠቁራሉ። በዚህ ሰበብ እጅና እግራቸው የተቆረጠ ሰዎችን፣ ሕፃናትን ጭምር፣ ሐኪሞቻችን ያውቋቸዋል። ባቱ ያበጠና የሚያተኩስ ሰውም ውስጡ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል፤ ሲታሽ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ቢሄድ ነፍስ ያጠፋል። በእነዚህ ሰዓታት «አይዞህ፣ በሦስት ቀን አድንሃለሁ» የሚል ቃል ከእጁ ይልቅ ይጎዳል። ታማሚውን አስሮ የሚያስቀምጠው ቃሉ ነውና።

«ታዲያ ሰው በተስፋ አይደል የሚድነው? ትንሽ ብዋሽለትስ ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። ቀላል ክርክር አይደለም። እድናለሁ ብሎ ያመነ ሰው ሕመሙ ቀለል ሊልለት ይችላል። ነገር ግን እጅ የሚሰጠው እፎይታ ውሸት አያስፈልገውም። «ይሄ ሕመምህን ያስታግስልሃል፤ በሽታህን ግን ሐኪም ይየው» ተብሎ የታሸ ወገብም ይፍታታል። ውሸቱ የሚጨምረው ነገር ቢኖር የአሺውን ገበያ ነው፤ የሚወስደው ደግሞ የታማሚውን ጊዜ። የሌላውን ጊዜ ሳያስፈቅዱ መውሰድ፣ ለማጽናናት ተብሎም ቢሆን፣ ያው መስረቅ ነው።

ወጌሻውን ብቻ ወቅሰን ብናልፍ ግን ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ሰዉ ወደሱ የሚሄደው እኮ አላዋቂ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ወጌሻው ቤቱ ቅርብ ነው፣ ክፍያው ይቀላል፣ «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» ብሎ የታመመውን ቦታ ይዳስሳል። ስንቱ ሐኪም ነው ከወረቀቱ ቀና ሳይል መድኃኒት የሚያዝ? ጭራሽ ወጌሻ ቤት እንደሄደ የሰማ ሐኪም ሲቆጣ፣ ታማሚው በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቀዋል። በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት የለውም።

እጅ አይናቅ፣ አይመለክም። ምርኩዝ ያስኬዳል እንጂ እግር አይተካም። ደግነቱ፣ ዳስሶ ሲያበቃ «ይሄስ የኔ አይደለም፤ ሂድና ራጅ ተነሣ» የሚል ወጌሻ አለ። ገበያውን አሳልፎ የሰጠ ሰው ነውና ሊታመን ይገባዋል። እናንተም ጀርባችሁን ከመስጠታችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ «ካንተ አቅም በላይ የሚሆነው መቼ ነው?» መልስ ካለው ይሽችሁ። «ከኔ በላይማ የለም» ካላችሁ ግን ጫማችሁን አጥልቃችሁ ውጡ።