ደንበኛው ካዘዘ ኃላፊነቱ የማን ነው?

የዛሬው ጥያቄያችን ከጋራዥ የመጣ ነው። አንተ በያጅ ነህ እንበል። አንድ ደንበኛ መጥቶ "የፒክአፔን የኋላ ሳጥን አንሳልኝና በምትኩ ጠፍጣፋ የጭነት ወለል ሥራልኝ" አለህ። መኪናው ለአስቸጋሪ መንገድ ከፍ ተደርጓል፣ ትልልቅ ጎማም ገብቶለታል። ሰውየው ወፍራም ብረት ይፈልጋል፤ 700 ኪሎ ዕቃም ሊጭንበት አስቧል። መኪናው የራሱ፣ ገንዘቡ የራሱ፣ ትዕዛዙም የራሱ ነው። ታዲያ ከአቅም በላይ ቢጭን አንተን ምን አገባህ?

ከመመለሳችን በፊት ሒሳቡን እንሥራ። አምራቹ መኪናው ከነጭነቱ ከ3,300 ኪሎ እንዳይበልጥ ወስኗል እንበል። ሳጥኑ ሲነሳ ባዶው መኪና 2,100 ኪሎ ይመዝናል። የቀረን 1,200 ነው፤ ብዙ ይመስላል። አሁን እንቀንስ። የብረት ወለሉ ከነማዕቀፉ 250፣ የፊት መከላከያ ብረቱና መጎተቻው 100፣ 80 ሊትር ውሃ 80፣ ተጨማሪ 90 ሊትር ናፍጣ 75 ያህል፣ ሁለት ሰው 150፣ ድንኳኑ 60። ድምሩ 715 ነው። ለዕቃ የተረፈው 485 ኪሎ ብቻ ነው። ደንበኛው የፈለገው ግን 700 ነበር፤ 215 ኪሎ ይበልጣል።

ልብ በሉ፤ ለጥንካሬ ተብሎ የተጨመረ እያንዳንዱ ብረት ከሚጫነው ዕቃ ላይ ይቀነሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያውቀው መላ አለ፤ ባሌስትራ መጨመር። የመኪናው ኋላ መጉበጡን ያቆማል፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ነገር ግን ባሌስትራው ሲጨመር ፍሬኑ አልጨመረም፣ አክስሉ አልወፈረም፣ ሻንሲውም ያው የድሮው ነው። የተለወጠው መልኩ ብቻ ነው። እንዲያውም መጉበጡ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ እኛ ማስጠንቀቂያውን ደበቅነው። በዚያ ላይ ከባዱ ዕቃ ከኋላ አክስል ወደ ኋላ ካለፈ፣ እንደ ማንሻ ሆኖ የፊት ጎማዎቹን ያቀልላቸዋል፤ መሪውም እንደሚገባው አይታዘዝም።

ሌላም ደንበኛው የማያየው ነገር አለ። ወጣ ገባ መንገድ ላይ አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሻንሲው ይጠማዘዛል፤ የተሠራውም እንዲጠማዘዝ ሆኖ ነው። የማይተጣጠፍ ወለል አራቱም ማዕዘን ላይ ጥብቅ አድርገህ ብታስረው፣ መጠማዘዙ መሄጃ ያጣና ከጊዜ በኋላ ወይ ወለሉ ወይ ሻንሲው ይሰነጠቃል። አዋቂ ባለሙያ አንዱን ጫፍ አጥብቆ ሌላውን በሞላ ያስረዋል፣ እንዲንቀሳቀስም ቦታ ይተውለታል። ደንበኛው ይህን አይጠይቅም፤ ስለማያውቀው ነው። ያዘዘህ የሚያየውን ነው። የማያየውን ግን በአማና ሰጥቶሃል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። "እሱ ፈቅዷል" የሚለው መልስ ለምን አይበቃም?

ሰው በራሱ ሐቅ ላይ መፍቀድ ይችላል። ወለሉ ቀለሙ ቢያስጠላ፣ ዋጋው ቢወደድ፣ ዕቃው ቢቧጨር የእሱ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ያ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ ዘግይቶ ቢይዝ፣ ከፊት መንገድ የምታቋርጠው እናት ምንም አልፈቀደችም። ከኋላው በሞተር ሳይክል የሚመጣው ወጣትም አልፈረመም። የእነሱን ሐቅ ደንበኛው ሊሰጥህ አይችልም፤ የእሱ አይደለምና። ገንዘብም የሰው ሐቅ አይገዛም።

"እኔ ባልሠራው ጎረቤቴ ይሠራዋል" ትል ይሆናል። እውነት ነው፣ ሊሠራው ይችላል። ግን ይህ ስለ ጎረቤትህ ሥራ እንጂ ስለ አንተ ሥራ የሚናገር አይደለም። የምትጠየቀው እጅህ ስለሠራው ነው። "ልጆች አሉኝ፣ ገበያ ተቀዛቅዟል" ካልክ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ማንም በሞቀ ቤት ተቀምጦ ሊያቃልልብህ አይገባም። ነገር ግን ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው ብለን የምናምነው በትክክል ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው። ሥራው ሁሉ ሲትረፈረፍማ ማመን ምን ይከብዳል?

ይህ ማለት ደንበኛውን ገስጸህ መልሰው ማለት አይደለም። መጀመሪያ ሙያህን ተጠቀም። 3 ሚሊ ሜትር የብረት ላሜራ በካሬ ሜትር 23.5 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ 5 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ግን 13.5 ነው። ማዕቀፉንም አስበህ ካቀለልከው ከ250 ኪሎው 100 ልትቀንስ ትችል ይሆናል። ውሃውንና ናፍጣውን ከካቢኑ ጀርባ ዝቅ አድርገህ አስቀምጥ። ይህ ሁሉ ኢሕሳን ነው።

ያም ሆኖ 115 ኪሎ ይተርፋል። እሱን የሚያነሳው ብልሃት አይደለም፤ እውነት ነው። "ወንድሜ፣ የምትጭነው ከ585 ኪሎ አይለፍ" በለው። ቁጥሩን ጽፈህ ስጠው። ከዚያ በላይ እንዲጭን ባሌስትራ ጨምረህ እንድትሸፍንለት ከጠየቀህ ግን፣ በአክብሮት "ይህን አልሠራም" በል።

ብየዳ የማትሠሩ ወንድሞችና እህቶችም ይህ ጥያቄ ከደጃችሁ ሩቅ አይደለም። ሒሳብ የምትሠሪው፣ መድኃኒት የምትሸጠው፣ ሕንፃ የምትቆጣጠሪው፤ "የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት" የምንልበት ቀን ለሁላችንም ይመጣል። ያን ቀን አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ያዘዘኝ ሰው የፈቀደልኝ የራሱን ሐቅ ነው ወይስ የሌላ ሰው?

አላህ የእጃችንን ሥራ ያሳምርልን፣ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፣ የሰው ሐቅ ተሸክመን ከመገናኘት ይጠብቀን። አሚን።

መልካም ጁሙዓ!