ስለ ጠፍርና ስለ ዝምታ

አንድ ሰው ሲሞት ደስ ብሎኝ ያውቃል። ሟቹ በመጽሐፍ ውስጥ ያለ ሰው ነውና ኑዛዜው ብዙ የሚያስደነግጥ አይመስልም፤ ዳሩ ግን ደስታው እውነተኛ ነበር፤ መጽሐፉን ከዘጋሁ በኋላም አብሮኝ አደረ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያ ደስታ ከየት እንደመጣ ለመጠየቅ ነው።

መጽሐፉ የአሜሪካዊው የቶማስ ሳቬጅ ልቦለድ ነው፤ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የውሻው ኃይል» እንደማለት ይሆናል። ቃሉ የተወሰደው ከመዝሙረ ዳዊት ሲሆን፣ በግእዙ ዳዊት አቆጣጠር 21ኛው መዝሙር ላይ ይገኛል። ልቦለዱ እ.ኤ.አ. በ1967 ታትሞ ብዙ ገዢ ሳያገኝ ቆየ፤ በ2001 እንደገና ታተመ፤ ደራሲው በ2003 ዐረፈ። በ2021 ጄን ካምፒየን ፊልም አደረገችውና በተከታዩ ዓመት የኦስካርን የዳይሬክተርነት ሽልማት አገኘችበት። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1925፣ በሞንታና ክፍለ ግዛት፣ በአንድ ሰፊ የከብት እርባታ ላይ ነው። ሳቬጅ የሚጽፈውን ያውቅ ነበር፤ እናቱ ዳግመኛ ስታገባ በእንጀራ አባቱ ቤተሰብ የከብት ርስት ላይ ያደገ ሰው ነውና።

ፊልና ጆርጅ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች አብረው ይኖራሉ። ጆርጅ ዝምተኛና ገር ነው፤ ፊል ብልህ፣ የተማረ፣ እጀ ብርቱ፣ አንደበቱ ግን እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ነው። ጆርጅ፣ ሮዝ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ወድዶ አግብቶ ወደ ቤቱ ሲያመጣት፣ ፊል ሰላም ይነሳታል። እጁን አያነሳባትም። ፒያኖ ስትለማመድ ያንኑ ዜማ በባንጆ አሳምሮ ይጫወትባታል፤ በገባችበት ሁሉ መናቋን ያሳውቃታል። ሴቲቱ ቀስ በቀስ በመጠጥ ትሸሸጋለች። ከመጀመሪያ ባሏ የወለደችው ፒተር ለትምህርት ቤት ዕረፍት ሲመጣ፣ ጆርጅ ያላየውን እርሱ ያያል።

ደራስያን ልብ አንጠልጣይ የሆነውን የፍቅር ታሪክ ራቅ ባለ እርሻ ላይ ማስቀመጥ የሚወዱት ለመልክዓ ምድሩ ውበት ብቻ አይመስለኝም። እንዲህ ባለ ቦታ ሦስተኛ ሰው የለም። ዳኛው ሩቅ ነው፤ የጎረቤት ጢስ እንኳ አይታይም። በእኛ አገር ባልና ሚስት ወይም ወንድማማቾች ሲጋጩ ሽማግሌ ይገባል፤ ባይገባ እንኳ አላፊ አግዳሚው «ተው!» ይላል። እዚያ ግን በዳይና ተበዳይ በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሣርና በረዶ ነው። ሦስተኛው ሰው አንባቢው ብቻ ነው። አንባቢ ደግሞ መመኘት እንጂ መገላገል አይችልም። የምንመኘውም አንድ ነገር ነው፤ በዳዩ እንዲጠፋ።

ፒተር ምኞታችንን ይፈጽምልናል። ሟች አባቱ ሐኪም ስለነበር ልጁ የሕክምና መጻሕፍት አንብቧል፤ በከብቶች ላይ የሚወድቀውን፣ እኛ አባ ሰንጋ የምንለውን በሽታም ያውቃል። ሮበርት ኮህ በ1876 የዚህን በሽታ ምክንያት ከማስረዳቱ በፊት የኛም አገር ባላገር አደጋውን በልምድ ያውቀው ነበር፤ ሆዱ ተነፍቶ፣ ከአፍንጫው ጥቁር ደም ወጥቶ የሞተ በሬ አይገፈፍም። ተሐዋሲው በአፈርና በቆዳ ላይ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ በቆሰለ እጅ በኩል ወደ ሰው ይገባል። ፊል ደግሞ ወይፈን ሲያኮላሽ እንኳ ጓንት የማያጠልቅ ሰው ነው።

መጀመሪያ ያላግጥበት የነበረውን ይህን ልጅ ፊል ኋላ ይወደዋል፤ የጠፍር ገመድም ሊገምድለት ይጀምራል። ሮዝ የተሰቀሉትን ቆዳዎች ለሌላ ሰው አሳልፋ ስትሰጥበትና በቁጣ ሲነድ፣ ልጁ ቀረብ ብሎ እርሱ ራሱ ያዘጋጀው ጠፍር እንዳለ ይነግረዋል። ፊል በዚህ ደግነት ልቡ ይነካል። ገመዱን በቆሰለ እጁ ገምዶ ይጨርሳል፤ ብዙ ሳይቆይም ይሞታል። ሮዝና ጆርጅ በሰላም ይኖራሉ። እኔም በዚህ ጊዜ ነው ደስ ያለኝ።

ለልጁ ጥብቅና መቆም ቀላል ነው። ፊልሙ የሚጀምረው ልጁ እናቱን መርዳት ግዴታው መሆኑን በሚናገርበት ድምፅ ነው፤ ከእኛ መካከልስ ይህን ግዴታ የሚክድ ማን ነው? የፊልን በደል የሚቀጣ ሕግ አልነበረም። በባንጆ ሰው ማስለቀስ በየትኛውም ፍርድ ቤት አያስከስስም። እናቱ ደግሞ በዓይኑ ፊት እየጠፋች ነበር። ሆኖም «ሌላ መንገድ አልነበረም» የሚለውን ሰው፣ ሌላውን መንገድ መቼ ሞከርከው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጆርጅ ሚስቱን የሚወድ ሰው ነበር፤ ፒተር ግን ቁጭ አድርጎ የእናቱን ሕመም አልነገረውም። ይዟት ለመሄድም አልሞከረም። ፍቅር ዓይንን ያበራል ይባላል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ከበሮች ሁሉ አንዱን ብቻ ያሳያል።

ሁለተኛው መከላከያ ይበልጥ ረቂቅ ነው። ልጁ አልመታም፤ ስጦታ ሰጠ እንጂ። እጁን ወደ ቆዳው የሰደደው፣ ጓንት የናቀው ፊል ራሱ ነው። ይህ ክርክር ለፒተር አይሠራም፤ አስቦ፣ ፈልጎ፣ ቆርጦ ያመጣው እርሱ ነውና። ነገር ግን ምንም ያላመጣ፣ አይቶ ዝም ብቻ ያለ ሰውስ? እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ትቼ ወደ ራሴ ለመመለስ ተገደድሁ።

በ1965 ዓ.ም. የ13 ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ሰሜን ሸዋ፣ ከጀማ ወንዝ ገደል አፋፍ ላይ። አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነበር። አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ከርስታችን የሚበልጠውን ወስዶ እናቴን በራሷ ደጅ ለማኝ አድርጓት ነበር። እናቴ ለማንም አትናገርም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ማታ ታለቅሳለች። ሽማግሌ ነበር፤ የኛ አገር እንደ ሞንታና ምድረ በዳ አልነበረም። ነገር ግን ሽማግሌውም የአጎቴን ጠላ ይጠጣ ነበር።

አንድ ማለዳ አጎቴ ወደ ቆላ ሊወርድ በቅሎውን ጫንልኝ አለኝ። ስጭን ኮርቻውን ከበቅሎዋ ሆድ ጋር የሚያስረው ጠፍር ከመታጠፊያው ላይ ሳስቶ፣ በጣት ውፍረት ብቻ ተይዞ አየሁት። የጀማን ገደል የወረደ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ጠፍሩን አጠበቅሁ፤ የሳሳውን ወደ ውስጥ መለስሁ፤ እርካቡን ያዝሁለት። «ተባረክ» ብሎኝ ሄደ።

ያን ቀን እንዴት እንደዋልሁ ልገልጸው አልችልም። ከፍራት ይልቅ ጉጉት ነበር ማለት እውነቱን መናገር ነው። ኋላ በልቦለድ ገጾች ላይ ያገኘሁት የልብ መንጠልጠል ያው ነበር። ሲመሽ አጎቴ በደህና ተመለሰ። ጠፍሩ ገና ሜዳ ላይ ሳለ ተበጥሶበት ኖሮ መንገድ ላይ አስጠግኖታል። «ሳስቶ ነበር እኮ፤ አላየኸውም?» አለኝ። «አላየሁም፣ ጋሼ» አልሁ። እርሱም አመነኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ። አጎቴ የቀማን ርስት የእርሱም የኛም መሆኑ ቀረ። ገደል እንዲገባ የተመኘሁበት ነገር እንዲሁ በሬዲዮ ተነበበና አለፈ። ከዚያ በኋላ አጎቴ ደግ ሰው ሆነ ብዬ አልዋሽም፤ ቁጡና ስስታም ሆኖ ኖረ። ነገር ግን በርስት ምክንያት የማይረግጠውን ደጃችንን ይረግጥ ጀመር፤ ቡና ሲፈላ ይጠራ ነበር። እናቴ ስታርፍ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እርሱ ነው። ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ ለምን እንዳለቀሰ ግን የሚያውቀው ራሱ ነው።

እንግዲህ የኔ ፍርድ ይህ ነው። ፒተርን ለመኮነን አፍ የለኝም፤ እርሱ የወደዳትን አድኗል፣ እኔ ግን ዝምታዬ ማንንም አላዳነም። ይሁን እንጂ ፍቅር ሥራውን አያነጻውም እላለሁ። ሰውን ስንገድል፣ ወይም ለሞቱ በዝምታ መንገድ ስንለቅ፣ የምንወስድበት ያለውን ሕይወት ብቻ አይደለም፤ ነገ ሌላ ሰው ለመሆን የቀረውን ቀን ጭምር ነው። ያን ቀን ምናልባት በከንቱ ያሳልፈው ነበር፤ ቢሆንም የእርሱ እንጂ የእኛ አልነበረም። ፊል የሞተው ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሌላ ሰው ስጦታ ሲገምድ ነው። መጽሐፉን መጀመሪያ ሳነብ ይህን አላስተዋልሁም፤ መጨረሻውን ለማየት ቸኩዬ ነበር።

ዛሬ በስደት በምንኖርባቸው ከተሞች በር ከዘጋን በኋላ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሞንታና ነው። የሚገላግል ሽማግሌ የለም፤ ወይም አለ ግን አልጠራነውም። በየቤቱ እንደ ሮዝ የሚጠፋ ሰው ይኖራል፤ አይቶ ዝም የሚል ልጅም ይኖራል። ለዚያ ልጅ ለመንገር የምፈልገው ስለ ኃጢአት አይደለም። የሳሳ ጠፍር ያየ ሰው ለሚጠላውም ቢሆን «ሳስቷል» ይበል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ርስቱ፣ ስለ እናቱ ዕንባ፣ በደሉን ዓይን ለዓይን እያየ ይናገር። እኔ ሁለቱንም ሳልናገር አጎቴ ዐረፈ። «አላየሁም» ያልሁት ቃል እስካሁን ከእኔ ጋር ነው።