የአርዌ ነገር ተረት ነውን ወይስ ታሪክ?

አርዌ ስለ ተባለው ዘንዶ በአገራችን ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። በጥንት ዘመን በአክሱም ምድር ነግሦ ሕዝቡ ልጃገረድ ይገብርለት ነበር ይባላል። ነገሥታትን በተራ የሚቈጥሩት አሮጌ መዝገቦችም ስሙን ከሁሉ በፊት ጽፈው 400 ዓመት ነገሠ ይላሉ። በአዲስ አበባም የንግሥተ ሳባ ታሪክ በሸራ ላይ በ44 ክፍል ሲሣል በመጀመሪያ የሚታየው ይኸው ዘንዶ ነው። እንግዲህ በልደታም ሆነ በአራዳ አንድ ልጅ ይህን ሥዕል አይቶ «ይህ በእውነት የሆነ ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ አባቱ ምን ይመልስለት? ሆኗል ቢል ያላየውን መሰከረ፤ ከንቱ ነው ቢል አባቶች ያቈዩትን ጣለ።

ከመመለስ አስቀድሞ የነገሩን ምንጭ መመርመር ይገባል። ተረቱ የሚነገረው በሁለት መንገድ ነው። በአንደኛው አንጋቦ የተባለ ሰው መርዝ የበላች ፍየል ለዘንዶው ሰጥቶ ገደለው፤ ሕዝቡም አነገሠው። መጻሕፍትን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ፣ ዳንኤል በባቢሎን ይመለክ የነበረውን ዘንዶ ዝፍትና ስብ ጠጕርም ቀቅሎ አጕርሶ እንደ ገደለው ያስታውሳል። የአገዳደሉ ነገር ከዚያ ተወስዶ ይሆናል ብሎ ማሰብ ይቻላል።

ሁለተኛውን ሊትማን የተባለ የጀርመን ሊቅ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1904 አሳትሞታል። እቴዬ አዜብ የምትባል ልጅ ተራዋ ደርሶ ከዛፍ ላይ ታስራ ሳለች፣ ሰባት ቅዱሳን መጥተው በጥላው ሥር ዐረፉ፤ እንባዋ ቢወርድባቸው ቀና ብለው አዩአት፤ ዘንዶውንም በመስቀል ገደሉት። ደሙ በተረከዟ ላይ ቢንጠባጠብ እግሯ የአህያ ሰኰና ሆነ፤ ኋላም ወደ ሰሎሞን ሄዳ ተፈወሰች። ነገር ግን ሰሎሞን የነበረው ከጌታ ልደት በፊት በ10ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ተስዓቱ ቅዱሳን ወደ አገራችን የመጡት ደግሞ ከልደት በኋላ በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ6ኛው መጀመሪያ ነው። በመካከሉ 1400 ዓመት ያህል አለ።

ይህ የዘመን መደባለቅ ለሚመረምር ሰው ቍልፍ ነው። ንጉሥ ዒዛና ከክርስትናው በፊት ባስጻፈው ድንጋይ ላይ አስታርን፣ ቤሔርን፣ ምድርንና ማሕረምን ይጠራል፤ በገንዘቡም ላይ የጨረቃ ምልክት ነበረ። በ4ኛው መቶ ዓመት ካመነ በኋላ ግን በጨረቃው ፈንታ መስቀል ተቀረጸ። ድንጋይና ገንዘብ በምልክት ለውጥ የነገሩንን፣ ሕዝቡ «መስቀል ዘንዶውን ገደለው» ብሎ የተረከው ይመስላል። አባ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ ያወጣቸው ዘንዶም እንዲሁ ነው፤ በአርዌ ተረት ሰው የሚበላው ዘንዶ በዚህኛው ቅዱሱን ተሸካሚ ሆነ። ይሁን እንጂ በዚያ በዒዛና ድንጋይ የዘንዶ ስም የለምና፣ በአክሱም ዘንዶ ይመለክ ነበር ማለት ሊታሰብ እንጂ ሊማልበት አይገባም። አውሬና የታሰረች ልጅም የብዙ አሕዛብ ተረት ነው፤ ግሪኮች ፔርሴዎስ የኢትዮጵያን ንጉሥ ልጅ አንድሮሜዳን ከባሕር አውሬ አዳነ ይላሉ።

እንግዲህ ተረቱ ከታሪክ ሲለይ ከንቱ ሆነ ማለት ነውን? አይደለም። ነገሥታት በድንጋይ የሚያስጽፉት ድልን ነው፤ ይህ ተረት ግን ኀፍረትን ይናገራል። ልጃገረዷን አስረው ያቀረቧት ባዕዳን አይደሉም፤ የገዛ ወገኖቿ ናቸው። ዘንዶው 400 ዓመት የነገሠው በጥርሱ ብቻ አይደለም፤ ተራው ያልደረሰ ቤት ሁሉ የጎረቤቱን ልቅሶ እየሰማ ዝም ስላለ ነው። ዘንዶ ኖረም አልኖረም፣ እንዲህ ያለ ዝምታ በየአገሩና በየዘመኑ መኖሩን ማንም አይክድም።

ስለዚህ አባት ለልጁ ሁለቱን ለይቶ ይንገረው። የሆነ ነገር ምስክር ይሻል፤ ምክር ግን የሚፈተነው በኅሊና ነው። ተረትን እንደ ታሪክ አድርጎ የሚምል መምህር፣ ልጁ አድጎ በመረመረ ጊዜ እውነተኛውንም ቃሉን ያስጠረጥራል። ተረትን የሚንቅ ደግሞ ልጁን ከአባቶች ኑዛዜ ያራቍተዋል። «ዘንዶው እንደ ነበረ ምስክር የለኝም፤ የጎረቤትህ ልጅ ስትታሰር ግን ዝም አትበል» ብሎ የመለሰ አባት፣ ሳይዋሽም አደራውን ሳይጥልም አስተማረ።