እኩልነትን የሚመሰክር ማን ነው? ስለ ይሆናል ሒሳብ መልመጃዎች የቀረበ ሐተታ

ክርስቲያን ሃይገንስ የተባለው የሆላንድ ሊቅ ስለ ዕድል ጨዋታ ስሌት የጻፈው አጭር ድርሳን በ1657 እ.ኤ.አ. በላቲን ቋንቋ ታትሞ ሲወጣ፣ ዐሥራ አራቱን አንቀጾች በማስረጃ እያጸና ከፈጸመ በኋላ፣ በመጨረሻው ላይ አምስት ጥያቄዎችን ያለ ሐተታ ለአንባቢው ትቶ ብዕሩን አስቀመጠ፤ ከእነዚህም ለአንዳንዶቹ መልሱን ብቻ አኖረ እንጂ ወደ መልሱ የሚያደርሰውን መንገድ አልገለጸም። ይህ ድርሳን፣ ዛሬ ፕሮባቢሊቲ ስለምንለው ስለ ይሆናል ሒሳብ ለብቻው ተጽፈው ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው ነው፤ የወጣውም የሃይገንስ መምህር ፍራንስ ፋን ስኾተን «የሒሳብ መልመጃዎች» ብሎ በሰየመው መጽሐፍ ውስጥ ነው። እንግዲህ ይህ ትምህርት ከተወለደበት ቀን ጀምሮ መልመጃ ያልተለየው ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ዛሬም ቢሆን ይህን ትምህርት የሚጀምር ወጣት የሚገናኘው ከነዚያው ከጥንቶቹ ነገሮች ጋራ ነው፤ ሳንቲም ወደ ላይ ተወርውሮ ዘውድ ወይም ጎፈር ይሆናል፤ ባለስድስት ገጽ ዳይስ ይንከባለላል፤ ከከረጢት ውስጥ ቀይና ነጭ ኳስ ሳይታይ ይወጣል፤ ከአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች መካከል ሠላሳው ያለ አድልዎ ተመርጠው ቁመታቸው ይለካል። ብዙ ሰው፣ መምህሩም ተማሪውም ጭምር፣ ይህን ሁሉ የእጅ ማፍታቻ አድርጎ ያየዋል፤ ቀመሩን አስታውሶ፣ ቁጥሩን በየቦታው አግብቶ፣ ያገኘውን ከመጽሐፉ ጀርባ ካለው መልስ ጋራ አስተያይቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እኔ ግን በእያንዳንዱ መልመጃ ውስጥ ከስሌቱ ይልቅ የሚከብድ ነገር ተሰውሮ ይኖራል እላለሁ፤ ያም ነገር ተማሪው እንዲሠራው የሚታዘዘው ሳይሆን ሳይመረምር እንዲቀበለው የሚሰጠው ነው። ሳንቲሙ ሚዛኑ የተስተካከለ ነው፤ ኳሶቹ ሁሉ የመውጣት ዕድላቸው እኩል ነው፤ ተማሪዎቹ የተመረጡት ያለ አድልዎ ነው። ይህን የሚመሰክረው ማን ነው?

የሒሳብ መልመጃ ለሀገራችን ሊቃውንት እንግዳ ነገር እንዳልሆነ የታወቀ ነው። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ዓመተ ዓለሙን በ19 ገድፎ ከተረፈው አንድ ቀንሶ ወንበሩን ያገኛል፤ ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፈው አበቅቴው፣ በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፈው መጥቅዑ ይወጣለታል፤ አበቅቴና መጥቅዕም ተደምረው ምንጊዜም 30 መሆን ስላለባቸው፣ ስሌቱ ራሱ ለራሱ ምስክር ይሆናል፤ የተሳሳተም ተማሪ መምህሩን ሳይጠይቅ ስሕተቱን ያውቃል። ከዚህም በላይ በዓላቱና አጽዋማቱ በተባለው ቀን ይውላሉና፣ የቁጥሩ እውነት በዘመኑ ሂደት ይታተማል። እንዲህ ያለው መልመጃ ልቡናን የሚያሠለጥነው ወደ እርግጠኝነት ነው።

በይሆናል ሒሳብ ግን ነገሩ ከዚህ የተለየ ነው። ተማሪው ስድስት ቁጥር የመውጣት ዕድሉ ከስድስት እጅ አንዱ እጅ ነው ብሎ ይመልስና ዳይሱን ይወረውራል፤ ስድስት ቢወጣ መልሱ በዚያ አልጸደቀም፤ ባይወጣም በዚያ አልተኮነነም። ያኮብ በርኑሊ የተባለው የስዊስ ሊቅ፣ ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ በ1713 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ፣ ሙከራው እየበዛ በሄደ መጠን የታየው ውጤት ወደ እውነተኛው ዕድል እየቀረበ እንደሚሄድ አስረድቷል፤ ይሁን እንጂ ይህ ማስረጃ የሚሠራው ሙከራው እጅግ ሲበዛና ሁኔታው ሳይለወጥ ሲቆይ ነው፤ በሰው ሕይወት ግን ከባዱ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት መልስን የሚያጸድቀው የሆነው ነገር አይደለም፤ መልሱ የተገኘበት መንገድ ነው። ይህ ደግሞ ለኅሊና ታላቅ ትምህርት ይመስለኛል። እኛ የሰውን ፍርድ የምንመዝነው በውጤቱ ነውና፤ ያለ ምርምር ገንዘቡን አውጥቶ የቀናውን ብልህ እንለዋለን፤ መርምሮና አስቦ የከሰረውን ሞኝ እንለዋለን። የይሆናል ሒሳብን መልመጃ በትዕግሥት የሠራ ሰው ግን፣ በፍርዱ ትክክል የሆነ ሰው በውጤቱ ሊሸነፍ እንደሚችልና መሸነፉም ፍርዱን እንደማያስነቅፈው ያውቃል፤ ይህን ያወቀ ሰው ለባልንጀራው የሚሰጠው ፍርድ የረጋ ይሆናል።

ነገር ግን መንገዱ ብቻ ምስክር ከሆነ፣ መንገዱ የሚነሣበት ቦታ ምን ያህል መጠበቅ እንዳለበት አስቡ። በ1754 እ.ኤ.አ. ዳላምቤር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ፣ በዘመኑ ከነበሩት የሒሳብ ሊቃውንት በማዕርግ ከማንም የማያንስ ሰው፣ በታላቁ ኢንሳይክሎፔዲያ ውስጥ ስለ ሳንቲም ውርወራ ሲጽፍ፣ ሁለት ጊዜ ተወርውሮ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዘውድ የመውጣት ዕድሉ ከሦስት እጅ ሁለቱ ነው አለ። ምክንያቱም እንዲህ ነበር፤ በመጀመሪያው ዘውድ ቢወጣ ጨዋታው ያበቃል፤ በመጀመሪያው ጎፈር ወጥቶ በሁለተኛው ዘውድ ሊከተል ይችላል፤ ወይም ሁለቱም ጎፈር ይሆናሉ፤ ከነዚህ ከሦስቱ ሁለቱ መልካም ናቸው። ትክክለኛው መልስ ግን ከአራት እጅ ሦስቱ ነው። ዳላምቤር መቁጠር አልተሳነውም፤ የቆጠራቸው ሦስቱ ነገሮች ክብደታቸው እኩል አልነበረም እንጂ፤ የመጀመሪያው ብቻውን የሌሎቹን የሁለቱን ድምር ያህል ይመዝናልና። የዚህ ሊቅ ስሕተት ለእኔ ከብዙ ሰዎች ትክክለኛ መልስ የበለጠ ያስተምረኛል፤ ምክንያቱም ኍልቍ ከመጀመሩ በፊት የሚደረገው ፍርድ፣ ማለትም ምን ከምን ጋራ እኩል ነው ብሎ መወሰን፣ ቀመር የሌለው መሆኑን በግልጥ ያሳያል።

ወደ ሃይገንስ አምስት ጥያቄዎች እንመለስና ሁለተኛውን እንይ። ሦስት ተጫዋቾች 12 ጠጠሮች አሏቸው፤ 4ቱ ነጭ፣ 8ቱ ጥቁር ናቸው። ዓይናቸውን ተሸፍነው በየተራ ያወጣሉ፤ አስቀድሞ ነጭ ያወጣ ያሸንፋል፤ የሦስቱ ዕድል እርስ በርሱ ሲነጻጸር እንዴት ነው? ንባቡ ሲታይ ቀላልና የተሟላ ይመስላል። ሆኖም የወጣው ጥቁር ጠጠር ወደ ቦታው ይመለስ ወይም ውጭ ይቅር አልተናገረም። ቢመለስ የሦስቱ ዕድል እንደ ተራቸው እንደ 9፣ እንደ 6 እና እንደ 4 ይሆናል፤ ባይመለስ ግን እንደ 77፣ እንደ 53 እና እንደ 35 ይሆናል። ሃይገንስና የአገሩ ሰው ዮሐንስ ሁደ በ1665 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጥያቄ በደብዳቤ ሲከራከሩ ሳይስማሙ የቆዩት አንዱ ጠጠሩን መላሽ፣ ሌላው አስቀሪ አድርጎ ስለ ተረጐመው ነበር፤ በኋላም በርኑሊ ሁለቱን ትርጓሜዎች ተቀብሎ ሦስተኛ ጨመረባቸው፣ ይኸውም እያንዳንዱ ተጫዋች ለራሱ 12 ጠጠር ያለው እንደ ሆነ ነው። እኔ ይህን ጥያቄ ከአምስቱ ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ሁለት ሊቃውንት አንዱን ንባብ አንብበው ሁለት እውነተኛ መልስ ማግኘታቸው፣ በዚህ ትምህርት መልስ ማለት ቁጥር ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳልና፤ መልስ ማለት ቁጥሩ የቆመበትን ውል ጨምሮ መናገር ነው። የዛሬዎቹ መማሪያ መጻሕፍት «ሳይመለስ ቢወጣ» ወይም «ተመልሶ ቢወጣ» ብለው አስቀድመው ይወስኑለታልና ተማሪው ከዚህ ክርክር ይድናል፤ ይህ መዳኑ ግን ጉዳት አለው። የተወሰነለትን ብቻ ሲያሰላ የኖረ ሰው፣ ወሳኝ በሌለበት ቦታ ሲቆም ውል እንደ ጐደለ እንኳ አያስተውልም።

አምስተኛው ጥያቄ ደግሞ የዚህን ጉዳት መጠን በቁጥር ያሳያል። ሁለት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው 12 ሳንቲም ይዘው በሦስት ዳይስ ይጫወታሉ፤ ድምሩ 14 ሲመጣ የመጀመሪያው ከሁለተኛው አንድ ሳንቲም ይወስዳል፤ 11 ሲመጣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይወስዳል፤ ሁሉንም የሰበሰበው ያሸንፋል። 14 የሚገኘው በ15 መንገድ ሲሆን 11 ግን በ27 መንገድ ይገኛል፤ እንግዲህ በአንዱ ውርወራ የሁለቱ ዕድል 5 ለ9 ነው ማለት ነው፤ እጥፍ እንኳ አይሞላም። የጨዋታው ፍጻሜ ሲሰላ ግን የመጀመሪያው ዕድል ከሁለተኛው ጋራ 244,140,625 ለ282,429,536,481 ይሆናል፤ በአጭሩ አንድ ለ1,157 ያህል ነው። በየውርወራው ታግሠው ሊያልፉት የሚቻል የሚመስለው ማነስ እየተደጋገመ ሲሄድ ወደ ፍጹም ድህነት ያወርዳል። ይህን በእርሳስ አስልቶ ያገኘ ተማሪ፣ ዳይሱ ትክክለኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ የቃል ሥርዓት ብቻ እንዳልሆነ፣ ፍትሕ ያለበት ጥያቄ እንደ ሆነ በልቡ ይገባዋል።

በሀገራችንም ዕጣ ለጨዋታ ብቻ የሚጣል ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት ለማግኘት ብዙ ሺህ ቤተ ሰብ ለዓመታት ቆጥቦ የሚጠብቀው የኮንዶሚኒየም ዕጣ፣ በሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. በኮምፒዩተር ከወጣ በኋላ፣ ለዕጣው ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ስም ገብቶ መገኘቱ ተገልጾ ውጤቱ ተሰርዟል። በመማሪያ መጽሐፍ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ኳስ ሁልጊዜ የተቆጠረ ነው፤ በዓለም ግን ከረጢቱን የሞላው ሰው አለ። ከስንት አንድ እንደሚደርሰው ያሰላ ቈጣቢ ስሌቱ እንከን ባይኖረውም፣ የቆመበት መሠረት ግን ከእርሱ ዕውቀት ውጭ ሌላ ሆኖ ነበር። ለእርሱ የሚጠቅመው የበለጠ ስሌት ሳይሆን፣ ዝርዝሩን ማን አዘጋጀ፣ ማንስ መረመረው ብሎ የመጠየቅ ልማድ ነው፤ ይህም ልማድ የሚተከለው ወይም የሚደርቀው በትምህርት ቤት ነው።

ሊቃውንት ስለ ሆኑ ሰዎችም አንድ ነገር ላንሣ። በ1978 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ በአሜሪካ በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ዘንድ ለነበሩ 60 ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ይህ መልመጃ ቀረበላቸው፤ አንድ በሽታ ከ1,000 ሰው አንዱን ይይዛል፤ ምርመራው ከጤነኞች ከመቶ 5ቱን በስሕተት በሽተኛ ናቸው ይላል፤ በሽታው አለብህ የተባለ ሰው በእርግጥ በሽተኛ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? ሃያ ሰባቱ ከመቶ 95 አሉ። የሚጠበቀውን መልስ፣ ከመቶ 2 ያህል የሚለውን፣ የሰጡት 11 ብቻ ነበሩ። ከ1,000 ሰው አንዱ በሽተኛ ሲገኝ ከቀሩት ጤነኞች ወደ 50 የሚሆኑት በስሕተት ይቀላቀሉበታልና፣ ከ51 አንድ ማለት ነው። ይህ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሐኪሞቹን ለመንቀፍ ነው፤ እኔ ግን ጥያቄውንም ራሱን እመረምረዋለሁ። ምርመራው በሽተኛውን ሁሉ ሳይስት እንደሚያገኝ ጥያቄው አልተናገረም፤ መልሱ ግን ይህን እንደ ተነገረ አድርጎ ይዟል። ደግሞም ወደ ሐኪም የሚመጣ ሰው ሕመም ተሰምቶት ይመጣል እንጂ ከ1,000 መካከል በዕጣ ተጠርቶ አይመጣም፤ ስለዚህ ከ1,000 አንድ የሚለው ቁጥር ለእርሱ ላይሆን ይችላል። ከመቶ 95 ያሉት በእርግጥ ተሳስተዋል፤ ከመቶ 2 ያሉትም ያልተጻፈ ውል ተቀብለዋል፤ ከሁለቱም ወገን ይልቅ ሐኪም እንዲሆነኝ የምመርጠው ጥያቄው ጐደሎ መሆኑን ያስተዋለውን ነው።

በርኑሊ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል የሃይገንስን ድርሳን በሰፊው አብራርቶ ፈጽሟል፤ ይህን ስሌት ለማኅበራዊ፣ ለምግባርና ለኢኮኖሚ ነገር ያውላል ብሎ የጀመረው አራተኛው ክፍል ግን ሳይፈጸም ቀርቷል። ይህ ሥራ ዛሬም የሚፈጸመው በአንድ ሊቅ እጅ ሳይሆን በየክፍሉ በሚሰጠው መልመጃ ነውና፣ ይህን ትምህርት የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ለተማሪዎቻችሁ ከምትሰጧቸው ጥያቄዎች መካከል እንደ ሃይገንስ ሁለተኛ ጥያቄ ውሉ የጐደለውን ጨምሩበት፤ ቁጥሩን ብቻ ለጻፈው ግማሹን ማርክ፣ በምን ውል እንዳሰላውና ያ ውል ቢለወጥ መልሱ ወዴት እንደሚሄድ ለጻፈው ሙሉውን ማርክ ስጡት።